የአዲስ አበባ ዳር መሬት ምን ላይ እየዋለ ነው?

ስለ አዲስ አበባ ዳር ዳር ያልተወራበት ወር የለም ማለት ይቻላል። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ተመሠረተ፤ የቤት ፈረሳው ተከተለ። የኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ካነሳቸው ነዋሪዎች ብዙዎቹ ወደ ዳር ሳይቶች ሄዱ። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸደቀ። ዜና በመጣ ቁጥር ክርክሩ ቶሎ ብሎ "መሬቱ የማን ነው?" ወደሚለው ይዞራል። የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። ከሥሩ ግን ብዙም የማይነሳ ሌላ ጥያቄ አለ፤ መሬቱ ምን ላይ ነው እየዋለ ያለው?

ከአያት እስከ ቦሌ አራብሳ፣ ከየካ አባዶ እስከ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ፣ ከወሰኑ ማዶም በለገጣፎ፣ በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ የሚታየው ነገር ተቀራራቢ ነው። ትናንት ጤፍና ስንዴ ይዘራበት የነበረው ቤት ሆኗል። ቤት ብቻ። የሥራ ቦታው፣ ገበያው፣ የጎርፍ መሄጃው፣ ትምህርት ቤቱ ወይ ዘግይቷል ወይ ተረስቷል። ይህ የሆነው ፕላን ጠፍቶ አይደለም፤ ፕላን ሞልቷል። እርሻ የከተማ ቦታ ሲሆን የሚፈጠረው ትርፍ ማን ኪስ እንደሚገባ፣ ካርታው ላይ ከተቀባው ቀለም ይልቅ ወሳኝ ሆኖ ነው።

"ፕላን" ሲባል የትኛው?

መጀመሪያ አንድ መደነጋገር እናጥራ። በየወሬው "ማስተር ፕላን" እየተባሉ የሚጠሩት ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንደኛው አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች አንድ ላይ ያቀደው የጋራ ፕላን ነው። በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሳ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የጀመረው ተቃውሞ ደግሞ ኦሮሚያን አዳረሰ፤ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ፕላኑ መሰረዙ ተነገረ። ስለዚህ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው እሱ አይደለም።

ሁለተኛው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ነው። ይህ በከተማዋ ወሰን ውስጥ ብቻ የሚሠራ፣ እስከ 2019 ዓ.ም. እንዲያገለግል የወጣ የ10 ዓመት ሰነድ ነው። የትኛው አካባቢ ለመኖሪያ፣ የትኛው ለኢንዱስትሪ፣ የትኛው ለአረንጓዴ እንደሚሆን በጥቅሉ ያሳያል።

ሦስተኛው ኤልዲፒ የሚባለው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው። ወደ ሰፈር ደረጃ ወርዶ የመንገዱን ስፋት፣ የሕንጻውን ከፍታ፣ የትምህርት ቤቱን ቦታ ይወስናል። ግንባታ ፈቃድ ልታወጣ ስትሄድ "ቦታህ መንገድ ይነካዋል" የምትባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ሰነድ ተነስቶ ነው።

መዋቅራዊ ፕላኑ ሲነሳ 30፣ 30፣ 40 የምትለዋ ክፍፍል ትጠቀሳለች፤ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 40 በመቶ ለግንባታ። በወረቀት ደረጃ ደህና ሐሳብ ነው። ችግሩ የጠቅላላ ከተማው ድምር መሆኑ ላይ ነው። የእንጦጦ ደንና የወንዝ ዳርቻዎች አረንጓዴውን ሊሞሉት ይችላሉ። አንድ የዳር ሰፈር ግን ልጅ ኳስ የሚጫወትበት አንድ ሜዳ ሳይኖረው ድምሩ ልክ ሊመጣ ይችላል። ነዋሪው ደግሞ የሚኖረው በድምሩ ውስጥ አይደለም፤ በሰፈሩ ነው።

የአንድ ሄክታር ሒሳብ

ነገሩ የሚጦፈው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ከ1967ቱ አዋጆች ወዲህ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጽንቷል። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ከተማው መሬቱን ሲፈልገው "ለሕዝብ ጥቅም" ብሎ ያስለቅቀዋል፤ ካሳ ይከፍለዋል። ካሳው የሚሰላው መሬቱ ካፈራው ምርት ነው። መሬቱ የት እንደሚገኝ ሒሳቡ ውስጥ አይገባም። በ1997ቱ አዋጅ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ይባዛ ነበር። ይህን የተካው የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 አሻሽሎታል፤ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል። ለቤትና ለዛፍ፣ ለሚቋረጠው ማኅበራዊ ትስስርም ለየብቻ ይታሰባል።

እንግዲህ በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ የተወሰዱት ስሌቱን ለማሳየት ብቻ ነው። አንድ ሄክታር 15 ኩንታል ጤፍ ሰጠ እንበል። ኩንታሉ 10,000 ብር ተሸጠ። የዓመቱ ገቢ 150,000 ብር ነው። በ15 ሲባዛ 2,250,000 ብር ይሆናል። ሰው ሲሰማው ብዙ ነው። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነውና ሲካፈል ግን በካሬ 225 ብር ይወጣል። በዚህ ብር የአንድ ካሬ ሴራሚክ እንኳ አይገዛም።

ያው መሬት መንገድ ወጥቶለት ለሊዝ ጨረታ ሲቀርብ በካሬ በብዙ ሺህ ብር ይጫረቱበታል። የመሀሉ ልዩነት ከየት መጣ? ከፊሉ ከመንገዱ፣ ከመብራቱና ከውሃ መስመሩ ነው፤ እሱ የሕዝብ ወጪ ነው። አብዛኛው ግን የመጣው መሬቱ ከተማ ስለደረሰበት ብቻ ነው። "ይህ ትርፍ ለከተማው ገብቶ መንገድና ትምህርት ቤት ይሥራ" የሚሉ አሉ፤ የሊዝ ሥርዓቱም የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። "ገበሬው ከትርፉ ካልተካፈለ የከተማው ዕድገት ለእሱ መፈናቀል ብቻ ነው" የሚሉም አሉ። አዋጅ 1161 ባለይዞታው በፕላኑ መሠረት ራሱ ለማልማት የቅድሚያ መብት እንዳለው መደንገጉ ለሁለተኛው ወገን መልስ ለመስጠት የተሞከረ ይመስላል። ሕንጻ የሚያስገነባ ካፒታል ለሌለው ገበሬ ግን ይህ መብት ያለ ባንክ ብድርና ያለ ሸሪክ ብዙም አይራመድም። የተነሱ ገበሬዎች የካሳውን ገንዘብ ጨርሰው በቀድሞ እርሻቸው ላይ በተሠራ ግቢ ዘበኛ ሆነው መቀጠራቸው በዳር ሰፈሮች የታወቀ ነገር ነው።

ከካሳውና ከሊዙ መሀል ሦስተኛ ዋጋ አለ፤ የደላላው። መንግሥት በ225 ብር ሂሳብ ሊወስድብኝ ይችላል ብሎ የሚሰጋ ገበሬ፣ ደላላው ከዚያ በእጥፍ ድርብ ሲያቀርብለት እምቢ የሚልበት ምክንያት ጥቂት ነው። ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ወረቀት ይጻፋል፤ መሬቱ በገመድ ይለካል። ገዢው ደግሞ በሊዝ ጨረታ ሊደርስበት የማይችለውን ቦታ በአቅሙ አገኘ። ቅዳሜና እሑድ ወይም ሌሊት ላይ ቆርቆሮ ይመታል፣ ጭቃ ይመረጋል። "የጨረቃ ቤት" ተወለደ።

አስተዳደሩ ይህን የመሬት ወረራ ይለዋል። ከሕጉ አንጻር ትክክል ነው። በሌላ በኩል ለመካከለኛና ለዝቅተኛ ገቢ የሚሆን ሕጋዊ ቦታ በበቂ አልቀረበም የሚለው ትችትም እውነት አለው። የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ተራ የጠበቀባት ከተማ ናት። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ለፖለቲካ ይመች ይሆናል፤ ነገሩን ግን አያስረዳም።

ሕገ ወጡ ግንባታ እንዲቀጥል የሚገፋው ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ሰነድ አልባ ይዞታዎችን ሕጋዊ ስታደርግ የተወሰነ ዓመት ላይ መስመር ታሰምራለች። በመጀመሪያ 1988 ዓ.ም.፣ ቀጥሎ 1997 ዓ.ም. መለያ ሆኑ፤ በጊዜው የአየር ፎቶ ላይ የታየ ቤት የይዞታ ካርታ የማግኘት ዕድል ነበረው። ለነዋሪው እፎይታ ነበር። ከመስመሩ በኋላ ለመጣው ሰው ግን ሌላ መልእክት አስተላለፈ፦ ዛሬ ሥራ፣ ነገ ሌላ መስመር ይሰመራል። ፈረሳው በሌላ በኩል ሲመጣ ይኸው ተስፋ ነው የሚፈርሰው። አንድ ጊዜ ሕጋዊ ማድረግ፣ አንድ ጊዜ ማፍረስ፤ ሁለቱም ለየብቻ ሊከራከሩላቸው ይችላሉ። ሲፈራረቁ ግን ገበሬውም፣ ገዢውም፣ ደላላውም ቶሎ ቶሎ እንዲሸጥና እንዲሠራ ነው የሚያጣድፉት።

አንድ የኮንዶሚኒየም ሳይት ቀረብ ብሎ ሲታይ

መንግሥት ራሱ ዳር ላይ የሠራውስ? በ20/80ና በ40/60 (ነዋሪው 20 ወይም 40 በመቶውን ቆጥቦ ቀሪውን በባንክ ብድር በሚከፍልባቸው ፕሮግራሞች) የተገነቡት ትልልቅ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች ዳር የወጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። መሀል ከተማ አንድ ብሎክ ለማቆም ብዙ አባወራ መነሳት አለበት። ዳር ላይ ጥቂት ገበሬ ይነሳል፣ ካሳውም ከላይ ባየነው ሒሳብ ርካሽ ነው። መሬቱ በርካሽ ሲመጣ ደግሞ የመቆጠብ ግፊት የለም።

ሳይቱ ውስጥ እንግባ። ብሎኮቹ ተሰልፈዋል። ምድር ላይ ያሉት አንዳንዶቹ ለንግድ የተተዉ ናቸው፤ የተሸጡትም በጨረታ ነው። ገዢው ብዙ ብር ስላወጣ ኪራዩን ይሰቅለዋል፣ ወይም ዋጋው እስኪወጣ ዘግቶ ይጠብቃል። ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጠው ሴት በዚያ ኪራይ አትገባም። ስለዚህ ጉሊቱ መንገድ ዳር ይወጣል፤ ቀጥሎ ሸራ፣ ቀጥሎ ቆርቆሮ፣ ቀጥሎ ኮንቴነር። ደንብ አስከባሪ መጥቶ ሲያነሳው ነገ ሌላ ጥግ ላይ ይበቅላል። ፕላኑ ገበያ አልሰጠውም፤ ኑሮው ግን ገበያ ይፈልጋል።

ከብሎኮቹ መሀል ኮሙናል የሚባል የጋራ ቤት አለ። የተሠራው በግ ለማረድ፣ እንጀራ ለመጋገር፣ ልብስ ለማጠብ፣ ለቅሶና ድግስ ለማስተናገድ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ በአራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ በግ ማረድን የሞከረ ያውቀዋል። ብዙ ቦታ ግን ኮሙናሉ ተከራይቶ መዋዕለ ሕፃናት፣ ሱቅ ወይም ቢሮ ሆኗል። "አረንጓዴ ቦታ" ተብሎ የተተወው ደግሞ ሁለት ዕጣ ይገጥመዋል። ነዋሪው ከተደራጀ አጥሮ ይተክልበታል፤ ካልተደራጀ መኪና ማቆሚያ ወይም የግንባታ ፍርስራሽ መጣያ ይሆናል።

ሥራው ግን እዚያ የለም። ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ማታ ሁሉም ይመለሳል። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በምሥራቅ በኩል አያት ላይ ይቆማል። አራብሳና የካ አባዶ ያለው ነዋሪ ከዚያ በኋላ በታክሲና በአውቶቡስ ሰልፍ ነው። ቤቱ ርካሽ ሆነ ሲባል የትራንስፖርቱና የሰዓቱ ወጪ ከሒሳቡ ውጪ ቀርቷል።

ለዚህ የሚሰጠው መልስ "ጊዜ ይፈልጋል" የሚል ነው። መገናኛ፣ ገርጂ፣ ሲኤምሲ አንድ ዘመን ዳር ነበሩ፤ ዛሬ ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ ቢሮውም እዚያ አለ። ይህ ክርክር ክብደት አለው። ነገር ግን ንግድና ቢሮ በኋላ ሊገባ የሚችለው ቦታ ከተተወለት ነው። ሁሉም ካሬ በመኖሪያ ብሎክ ከተያዘና የግል ይዞታ ከሆነ፣ ነገ ክሊኒክ ወይም ጤና ጣቢያ ለመሥራት እንደገና ሰው ማንሳት ሊመጣ ነው።

መሀል ከተማው የማይፈልገው የት ይሄዳል?

ስለ ዳር መሬት ሲወራ ቤት ብቻ ይታወሳል። ከተማ ግን ቆሻሻ ይጥላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ድንጋይና አሸዋ ይፈልጋል። ሁሉም መሬት ይይዛሉ።

የአዲስ አበባ ቆሻሻ መጣያ የሆነው ቆሼ ሲጀመር ከከተማው ወጣ ያለ ቦታ ነበር። ከተማው ደረሰበት፤ ቤቶች ከበቡት። በምትኩ ሰንዳፋ ላይ ዘመናዊ የደረቅ ቆሻሻ ማስወገጃ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታውንና የውሃውን መበከል ተቃወሙ፤ በወራት ውስጥ ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አደጋው አንድ ምክንያት ብቻ አልነበረውም። የመሬት አጠቃቀሙ ስህተት ግን በሁለቱም ጫፍ ይታያል። ቆሼ ዙሪያ ቤት እንዳይጠጋ የሚከለክል ክፍት ቀበቶ አልተጠበቀም። ሰንዳፋ ላይ ደግሞ ሸክሙ ወደ ሌላ አስተዳደር ሲሻገር ተሸካሚው ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ ስምምነት አልተደረሰም።

የውሃውም ነገር እንዲሁ ነው። የለገዳዲ፣ የድሬና የገፈርሳ ግድቦች ከአዲስ አበባ ወሰን ውጪ ናቸው። ውሃው የሚጠራቀምበት ተፋሰስ እርሻና የግጦሽ መሬት ሆኖ ሲቆይ ዝናቡ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ቤትና አስፋልት ሲሆን ፈጥኖ ይሮጣል፤ አፈርና ፍሳሽ ይዞ ግድብ ይገባል። ተፋሰሱን ከግንባታ ነፃ አድርጎ ለሚያቆይ ባለይዞታ ግን በጥሩ ዋጋ የሚከፍለው የለም። የሚከፍለው ደላላው ነው።

99 ዓመትና 15 ዓመት

የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው። ለከተማ ግብርና 15 ዓመት። አዲስ አበባ ውስጥ ለኢንዱስትሪ 70፣ ለንግድ 60 ይሰጣል። ከዚህ ሰንጠረዥ ሕጉ እርሻን እንዴት እንደሚያየው መገመት አይከብድም፤ ቤት እስኪመጣ ቦታ የሚጠብቅ አድርጎ ነው።

አንዳንዱ ይህ ተገቢ ነው ይላል። ከተማ ውስጥ ጤፍ መዝራት መሬት ማባከን ነው፤ ምግቡ ከሩቅ ይምጣ። ለጤፍ ያስኬድ ይሆናል። ለወተት ግን ይከብዳል። የአዲስ አበባ ወተት ከሱሉልታ፣ ከሰንዳፋ፣ ከሰበታና ከሆለታ ነው የሚመጣው፤ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ቅርብ መሆን አለበት። የሱሉልታን ሜዳ ውሰዱ። ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል፤ ለቤት የሚመች አፈር አይደለም። መስከረምና ጥቅምት ላይ ግን ሣሩ ይታጨዳል፤ ድርቆሽ ሆኖ በጭነት መኪና ለከተማው የወተት ላሞች ይደርሳል። ይህ ሜዳ በመጋዘንና በመኖሪያ ሲሞላ ሁለት ነገር አብሮ ይመጣል፤ የመኖው ዋጋ ይወጣል፣ ውሃው የሚተኛበት አጥቶ ሰው ቤት ይገባል። የከተማ ዳር እርሻ የሚያዋጣበትን ቦታና ፕላኑ የሚተውለትን ቦታ የሚያገናኝ ጥናት ከሌለ፣ "አረንጓዴ" የሚለው ቀለም ፓርክና የመንገድ አበባ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሁለት አስተዳደር፣ አንድ ጎዳና

ይህን ሁሉ የሚያወሳስበው ከተማው ወሰን ላይ ሳይቆም ማለፉ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ኦሮሚያ ከአዲስ አበባ ጋር በተያያዘ ልዩ ጥቅም እንዳላት ይደነግጋል፤ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ይላል። በ2009 ዓ.ም. ረቂቅ ቀርቦ ነበር፤ ሕግ ሆኖ አልወጣም። ክፍተቱ የት እንደሚያደርስ የካቲት 2011 ዓ.ም. ላይ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ዕጣ ሲወጣ ታየ። ዕጣው የደረሰው ሰው ዓመታት ቆጥቦ ነበር። ተቃዋሚው ደግሞ መሬቱ የኦሮሚያ ነው፣ የተነሳው ገበሬም አልተካሰም አለ። ሁለቱም ወገን የሚያነሳው በደል ነበረው፤ ኃላፊነቱን የሚሸከም አካል ግን አልነበረም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሁለቱ አስተዳደሮች በወሰን መስማማታቸውን አሳወቁ።

ሸገር ከተማ የተዋቀረው ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲን፣ ገላንንና ኮዬ ፈጬን አንድ አድርጎ ነው። ደጋፊዎቹ በየከተማው በደላላ ይመራ የነበረው መስፋፋት በአንድ ፕላን ሥር ይገባል ይላሉ። ይህ ከመሬት አጠቃቀም አንጻር ሚዛን የሚደፋ ነጥብ ነው፤ መንገድና ቱቦ ስድስት ቦታ ተቆራርጦ አይታቀድም። ተቺዎቹ በፈረሳው ወቅት በቂ ማስጠንቀቂያና ምትክ አልተሰጠም ይላሉ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በ2015 ዓ.ም. የአፈጻጸሙን ጉድለት አንስቷል። ፈረሳው ያስለቀቀው መሬት በኋላ ምን ላይ እንደዋለ ማየት ለሁለቱም ክርክር ጥሩ መለኪያ ነው። ትምህርት ቤትና የወንዝ ዳርቻ ሆነ ወይስ ለሌላ ቤት ተላለፈ?

የንብረት ታክሱ ምን ይቀይራል?

በዳር ሰፈሮች ብዙ ቦታ ታጥሮ ተቀምጧል። ቆርቆሮ አጥር፣ አንድ ዘበኛ፣ ውስጡ ሣር። መያዙ ብዙ ስለማያስወጣ ባለቤቱ ዋጋው እስኪወጣ ይጠብቃል። በዚህ መሀል ከተማው ባዶውን ቦታ ዘሎ ወደ ሌላ እርሻ ይሄዳል፤ መንገዱና የውሃ መስመሩም አብሮ ይረዝማል። የንብረት ታክስ በመሬቱ ላይ ከበድ ብሎ በሕንጻው ላይ ከቀለለ፣ አጥሮ መቀመጥ ኪሳራ ይሆናል። ተገልብጦ በሕንጻው ላይ ከከበደ ደግሞ ቅጣቱ የሚያርፈው በሠራው ሰው ላይ ነው። ተከራይ በበዛበት ሰፈር ይህ ወጪ ወደ ኪራይ መዞሩ አይቀርም።

ገቢው የት ይውላል የሚለውም አብሮ ይታያል። የሊዝ ገቢ አንዴ የሚገኝ ነው፤ ለመቀጠል አዲስ መሬት ማዘጋጀት ይጠይቃል፤ ስለዚህ አስተዳደሩን ወደ እርሻው ይገፋዋል። ዓመታዊ ታክስ ግን ካለው ሰፈር ይመጣል፤ አስተዳደሩ ነባሩን ሰፈር እንዲያሻሽል ምክንያት ይሰጠዋል። ይህ የሚሠራው ግን ቦታው ሁሉ በካዳስተር (በመሬት ይዞታ መዝገብ) ተመዝግቦ ዋጋው በትክክል ከተገመተ ነው። ዳር ላይ ካርታ የሌለው ይዞታ ብዙ ነው። ታክስ የከፈለበትን ደረሰኝ ነዋሪው ነገ የሕጋዊነት ማስረጃ አድርጎ ቢያቀርበው አስተዳደሩ ምን ይላል? አዲሱ መዋቅራዊ ፕላን ሲዘጋጅ ይህን ጥያቄ ገቢዎች ቢሮውና መሬት ልማት ቢሮው አንድ ጠረጴዛ ላይ ካልመለሱት፣ ደረሰኙ ቀጣዩ የአየር ፎቶ ይሆናል።